የድንገተኛ መድኃኒት ቁም ሳጥንና የአሥራ አንድ ተማሪዎች ፊርማ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሩክያ አሚን ሰይድ
ዕድሜ፦ 23
የትውልድ ቦታ፦ ምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ጊዳ አያና ወረዳ
አድራሻ፦ ነቀምቴ ከተማ፣ ከአባቷ ጋር በኪራይ ቤት
ሥራ፦ የሚድዋይፈሪ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ ህዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበሉት፦ ምክትል ኢንስፔክተር ጉደታ ፊጤ
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ በምስክሯ ጥያቄ

ነገሩ የተበላሸው ረቡዕ ህዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ነው። አብራኝ የምትማረው ዱረቲ የድንገተኛ መድኃኒት ቁም ሳጥኑን ጓጉንቸር በእጇ ይዛ "ሩኪ፣ ተቆልፏል! ቁልፉ የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበረና አንገቴን እንኳ ማዞር ስላልቻልኩ ነው። በዚያች ደቂቃ አንዱ እጄ ከሃያ ደቂቃ በፊት በወለዱት በወ/ሮ አያንቱ ኦብሳ ማህፀን ውስጥ፣ ሌላው እጄ በሆዳቸው ላይ ነበር። ደማቸው እየፈሰሰ ነበር። ሁለቱን እጆቼን አጥብቄ ስጫን ደሙ ይቀንሳል፣ ላላ ሳደርግ ይመለሳል። ለዱረቲ "አላውቅም" አልኳት። ከሁለት ቀን በፊት ግን ቁልፉ የት እንዳለ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ።

ወደዚህ ጣቢያ የተጠራሁት በምስክርነት ነው። ሆኖም ስሙ በምርመራ መዝገቡ የተመለከተው ሆስፒታል ሐሙስ ዕለት በጻፈው ደብዳቤ ለሕክምናው መዘግየት ምክንያቷ እኔ እንደሆንኩ መጥቀሱን መርማሪው ነግረውኝ፣ ደብዳቤውንም አንብቤዋለሁ። አፋን ኦሮሞ ከልጅነቴ እናገራለሁ፤ ከእናቶች ጋር የምሠራውም በእሱ ነው። ይህን ቃል በአማርኛ ለመስጠት የጠየቅኩት፣ የምፈርምበትን እያንዳንዱን መስመር ፊደል በቆጠርኩበት ቋንቋ ራሴ ማንበብ ስለፈለግኩ ነው። መርማሪው ፈቅደውልኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰኞ ህዳር 9 ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አሥር ተማሪዎች ለአንድ ወር የተግባር ልምምድ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። በዝርዝር የተመደብነው አሥራ አንድ ነበርን። አሥራ አንደኛው አላዛር ከጊምቢ መኪና አጥቶ ገና አልመጣም ነበር። የቡድኑ ተጠሪ እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ የተማሪዎች ልምምድ አስተባባሪ አቶ ታፋ በር ላይ ተቀብለውን አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ የመግቢያ ገለጻ የተደረገልን መሆኑን የምናረጋግጥበት ነው። አሥራ አራት ነጥቦች አሉት። መርፌና ስለት የት እንደሚጣል፣ እሳት ቢነሳ በየት እንደሚወጣ፣ ተማሪ ያለ ባለሙያ ከበሽተኛ ጋር ብቻውን እንደማይተው ይዘረዝራል። ዘጠነኛው ነጥብ "የድንገተኛ መድኃኒት ቁም ሳጥን ያለበትንና ቁልፉ የሚገኝበትን ቦታ አይቻለሁ" ይላል። ከታች የአሥራ አንዳችን ስም፣ ከጎኑም የፊርማ ቦታ አለ።

መርማሪው "የተማረ ሰው ሆነሽ ሳታዪ ለምን ፈረምሽ?" ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ እንዲህ ነው። ወረቀቱ መፈረም የነበረበት ክፍሎቹን ዞረን ካየን በኋላ ነው። ነገር ግን ባጅ የሚሰጠው የአቶ ታፋ ቢሮ የተፈረመውን ወረቀት ሳይቀበል ባጅ አይሰጥም። ወረቀት የሚቀበለው ደግሞ ሰኞ እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ባጅ የሌለው ተማሪ ዋርድ አይገባም፤ ዋርድ ያልገባ ተማሪ ደግሞ የሚያየው ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ሁሉም ሳያይ ይፈርማል። ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲህ ነው የገቡት። እኛ ስንገባ ይህን እንደ ስህተት የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ እንደ በር መክፈቻ ነበር የምናየው። አቶ ታፋም "ፈርሙ ልጆች፣ ፈርሙ! ውስጡን ወር ሙሉ ስታዩት ትሰለቹታላችሁ" አሉን።

ዱረቲ ብዕሩን ይዛ "ሳናይ?" አለችኝ። እኔ "ሲስተር ታሳየናለች፣ ፈርሚና እንግባ" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዱረቲ በእኔ ቃል ነው የፈረመችው። ስለ አላዛር ፊርማ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሸዋገነት የተቀበሉን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። በምጥ ላይ ያሉ አራት እናቶች ነበሩባቸው። ገለጻውን ያደረጉልን እየተራመዱ ሲሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። "እዚህ ይወለዳል፣ እዚህ ይታጠባል፣ እዚህ ይጻፋል። ስልክ የሚነካካ ተማሪ ካየሁ በዚህ መስኮት እወረውራለሁ፤ ስልኩን አላልኩም" ብለው አሳቁን። ቁም ሳጥኑን በአገጫቸው ጠቆሙን። እኔ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኳቸው። "ቁልፉ የትም አይሄድም፤ አንቺ መጀመሪያ የጋውንሽን ቁልፍ ቆልፊ" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጋውኔን ቆለፍኩ እንጂ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ሁለተኛ አለመጠየቄም በዚህ ቃል ውስጥ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ሲስተር ሸዋገነት ሥራቸውን የማያውቁ ሰው ናቸው አልልም። በሦስት ቀን ውስጥ ከእሳቸው የተማርኩት በአንድ መንፈቅ ዓመት ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ይበልጣል። ቁልፉ ድሮ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠል እንደነበር፣ ከመስከረም ወዲህ ግን ዕቃ ጠፍቶ እሳቸው ስለተጠየቁበት በጋውናቸው ኪስ ይዘውት እንደሚዞሩ የሰማሁት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት በማዋለጃው ክፍል ተረኛ የነበሩት ሲስተር ሸዋገነት ብቻ ናቸው፤ ሌላዋ አዋላጅ ታመው ቀርተዋል። ተማሪ የነበርነው እኔና ዱረቲ ነን። ከአርጆ የመጡት ወ/ሮ አያንቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ሲስተር ሸዋገነት ራሳቸው አዋልደው ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ደም የሚያቆም መርፌም እንደ ደንቡ ሰጥተዋቸዋል። 5 ሰዓት ከ3 ላይ ከኦፕሬሽን ክፍል ተጠሩ። በቀዶ ጥገና የሚወለድ ሕፃን የሚቀበል ሰው ጠፍቶ ነበር። ሲወጡ "ሩክያ፣ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳታነሺ። አሥር ደቂቃ ነው" አሉኝ። እኔም አላነሳሁም።

5 ሰዓት ከ8 ላይ አንሶላው ከሥር ሲርስ አየሁ። ሆዳቸውን ስነካ ማህፀኑ እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር። መጨማደድና መጠንከር ነበረበት። አሸሁት፤ አልጠነከረም። ጓንት ቀይሬ፣ ክፍል ውስጥ በአሻንጉሊት ላይ እንደተማርነው አንድ እጄን ከውስጥ፣ አንድ እጄን ከውጭ አድርጌ ጨመቅኩት። ይህን በሰው ላይ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ዱረቲን "የደም መፍሰሱን ሳጥን አምጪ" አልኳት። ይህ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ግሉኮሱ፣ መርፌውና መድኃኒቱ ተሟልቶ የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ያለውም በተቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ዱረቲ ቁልፉን ፍለጋ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሮጠች። ሲስተር ሸዋገነት ለቀዶ ጥገና ልብስ ሲቀይሩ ጋውናቸውን መልበሻ ክፍል ሰቅለውታል፤ ቁልፉም በኪሱ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የነበሩት የጽዳት ሠራተኛ ግን ዱረቲን "ተማሪ በዚህ ጫማ አይገባም" ብለው መልሰዋታል። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ልግባ ብላ ለምናለች። 5 ሰዓት ከ19 ላይ ባዶ እጇን እያለቀሰች ተመለሰች።

በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ የነበርኩበትን ሁኔታ መርማሪው እንዳብራራ ጠይቀውኛል። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደንዝዞ ነበር። ማህፀኑን ከለቀቅኩ እናትየዋ ይሞታሉ። ካልለቀቅኩ ደግሞ መድኃኒት ጋ መድረስ አልችልም። ጮኼ ተጣርቻለሁ፤ ከጎን ያሉት የተመላላሽ ታካሚ ክፍሎች በዚያ ቀን ዝግ ስለነበሩ የመጣ ባለሙያ የለም። ወ/ሮ አያንቱ "በረደኝ" ይሉ ነበር። ቀጥሎ "ልጄስ?" አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። እያዩኝ ነበር ዝም ያሉት።

ጩኸቴን ሰምተው የገቡት ባለቤታቸው አቶ ቶላ ጃራ ናቸው። የኦክስጅን ሲሊንደር መፍቻው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። በአገጬ እያሳየሁ "ኦቦ ቶላ፣ ጨብሳ!" አልኳቸው፤ ቁም ሳጥኑን ይስበሩት ማለቴ ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። በሦስተኛው ምት የጓጉንቸሩ ማንጠልጠያ ተገነጠለ። 5 ሰዓት ከ23 ነበር። ዱረቲ ግሉኮሱን ሰቀለች፣ እኔ በቃል እየነገርኳት መድኃኒቱን ሰጠች። ቀዶ ጥገናው አልቆ ሐኪሙና ሲስተር ሸዋገነት የደረሱት 5 ሰዓት ከ31 ላይ ነው። ሐኪሙ እጄን ከማህፀኑ ውስጥ ሲያወጡልኝ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው ነበር። ወ/ሮ አያንቱ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ተወስደው ሕይወታቸው ተርፏል። ማህፀናቸው ግን ወጥቷል።

ሆስፒታሉ የንብረት ጉዳት ብሎ ስለ ቁም ሳጥኑ ጽፏል። እንዲሰበር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አቶ ቶላ የሠሩት እኔ ያድርጉ ያልኳቸውን ነው፤ በዚህ ሊጠየቁ አይገባም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በ8 ሰዓት አቶ ታፋ ወደ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ሲስተር ሸዋገነትም ተቀምጠው ነበር። አቶ ታፋ "ስልክሽን እዚህ ላይ አስቀምጪ" ብለው ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቀጥለው በኮምፒዩተር የተጻፈ ሦስት መስመር ሰጡኝ። "የቁልፉ ቦታ በመግቢያ ገለጻ ወቅት ታይቶኝ እያለ በመርሳቴ ሕክምናው ዘግይቷል" ይላል። ስሜ ተጽፎ የፊርማ ቦታ ተትቷል። አራት ጊዜ አነበብኩት። አልታየኝም አልኳቸው። አቶ ታፋ የሰኞውን ወረቀት አውጥተው ጣታቸውን ፊርማዬ ላይ አድርገው "ታዲያ ይቺ የማን ናት? የጎረቤት?" አሉኝ።

ሲስተር ሸዋገነትን "ሲስተር፣ ጠይቄዎት አልነበረም?" አልኳቸው። ጠረጴዛውን እያዩ "ሦስት ልጆች አሉኝ ሩክያ" አሉኝ። ተነስተው ሄዱ።

አቶ ታፋ ሲቆጡ አልነበረም። ያ ነው የከበደኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብዕር አይከብድም። ለረሳ ተማሪ ኮሌጁ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ያልፋል፤ ሰኔ ላይ ትመረቂያለሽ። አልረሳሁም ካልሽ ግን ያላየሽውን አየሁ ብለሽ ፈርመሻል ማለት ነው፤ ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ትባረሪያለሽ። የቱ ይሻልሻል?" አሉኝ። በዚህኛውም በዚያኛውም በኩል መውጫ እንደሌለኝ የገባኝ በዚያን ጊዜ ነው። ቀጥለው "አባትሽ ጊዳ አያናን ጥለው የወጡት አንቺ እንድትማሪ ነው። እኚህን ሽማግሌ በአንድ ወረቀት አታስለቅሺያቸው" አሉ። አባቴን የት እንደሚያውቁ አላውቅም። አባቴ በ77 ድርቅ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ፣ በጊዳ አያና ሠላሳ ስድስት ዓመት ያረሰ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሁሉን ትቶ ነቀምቴ የገባ ሰው ነው። ስሙን በዚያ ቢሮ ውስጥ መስማት አልፈለግኩም ነበር።

9 ሰዓት ከ10 ላይ "ስብሰባ አለኝ፣ እስክመለስ አስቢበት" ብለው ወጡ። በሩን ከውጭ ቆለፉት። ኋላ ላይ ስጠይቃቸው ቢሮው ውስጥ ንብረት ስላለ ነው ብለዋል። መስኮቱ ብረት አለው። ወረቀቱና ብዕሩ ፊቴ ነበሩ። የዐስር ሰላት ደረሰ። እጄን ታጥቤአለሁ፣ ልብሴ ግን እስከ ክርኔ የደረቀ የወ/ሮ አያንቱ ደም ነበረበት፤ ለውዱእ የምታጠብበትም ውሃ አልነበረም። አልሰገድኩም። ብዕሩን አንድ ጊዜ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። አላነሳሁም ብል ውሸት ነው።

10 ሰዓት አለፍ ሲል አቶ ቶላ ከዱረቲ ሰምተው በመስኮቱ በኩል መጡ። በአፋን ኦሮሞ "ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ የቆለፉት አንቺን ነው ወይስ ወሬውን?" አሉኝ። ሚስቱ በሞትና በሕይወት መካከል ያለች ሰው ሲቀልድ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳልፈልግ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ልቅሶው መጣ። "ተማሪዋ ረስታ ነው አሉኝ። እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አልረሳሁም፣ አላሳዩኝም" አልኳቸው። የመስኮቱን ብረት ያዙ። ከዚያ "ይህን ለፖሊስ ትነግሪያለሽ?" አሉኝ። እነግራለሁ አልኩ። አቤቱታውን ለዚህ ጣቢያ ያቀረቡት ከዚያ ሄደው ነው። አቶ ታፋ በሩን የከፈቱት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼላቸው ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሆስፒታሉ በደብዳቤው የሰኞው ወረቀት ገለጻው ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ በአካል ተገኝተው እንደተፈረመ ገልጿል። ይህ ትክክል አይደለም። ለዚህ ማስረጃ አለኝ፤ ማስረጃው ግን የራሴ ጥፋት ነው። በወረቀቱ ላይ በተራ ቁጥር 11 ያለውን የአላዛርን ፊርማ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አቶ ታፋ "አንድ ክፍት ቦታ ካለ ወረቀቱ አይያዝም፣ አሥራችሁም ትመለሳላችሁ፤ ተጠሪ አይደለሽ? ሙይው" አሉኝ፤ ሞላሁት። አላዛር በዚያ ሰዓት ጊምቢ መናኸሪያ ነበር። ሆስፒታሉ የደረሰው ማክሰኞ ህዳር 10 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሻንጣውን ይዞ ነው። ሻንጣው በር ላይ ተፈትሾ በጥበቃ መዝገብ ላይ ስሙና ሰዓቱ ተጽፏል። መዝገቡ ሳይጠፋ እንዲወሰድ መርማሪውን ጠይቄ፣ ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ሰው ልከው እንዳስመጡት ነግረውኛል።

ትናንት ማታ ይህን እንደምናገር ለአላዛር ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ "ሩኪ፣ ሁለታችንንም ልታስባርሪን ነው" አለኝ። ኋላ ግን "እሺ ተናገሪ፣ ግን እኔ አላዘዝኩሽም በይ" አለኝ። አላዘዘኝም። በዚህ ጉዳይ ምንም ጥፋት የለበትም።

የሌላ ሰው ፊርማ መፈረም እንደሚያስጠይቅ መርማሪው አስረድተውኝ፣ ይህን ክፍል ማስቀረት እፈልግ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም ጊዜ እንዲጻፍ ብያለሁ። የአላዛር ፊርማ ሐሰት መሆኑ ካልታወቀ የእኔም ፊርማ እውነት ይመስላል። በእኔ ፊርማ ሥር ደግሞ ወ/ሮ አያንቱ ያለ መድኃኒት የደሙበት አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀብሯል። በዚህ ምክንያት ከትምህርቴ ብባረር፣ የተባረርኩት በሠራሁት ነው። ረሳሁ ብዬ ብመረቅ ግን የምመረቀው ባልሠራሁት ይሆናል።

ይህን ቃል ከመፈረሜ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ "የቁልፉን ቦታ ባለማስታወሴ" ተብሎ ተጽፎ ያገኘሁትን "የቁልፉን ቦታ ስላላሳዩኝ" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል፤ ከእርማቱ ጎንም ፈርሜአለሁ። የቀረው ያየሁት፣ የሰማሁትና በእጄ የሠራሁት ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ ለራሴ ብዬም አልቀነስኩም። ፍርድ ቤት ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት የሚከተለው እንዲመዘገብልኝ ጠይቄአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያላየሁትን አይቻለሁ በሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም፤ በር ላይ ቢያስቀሩኝም በር ላይ እቀራለሁ። "ፈርሚና እንግባ" ብዬ ለማንም ሰው አልናገርም። ቁልፍ ስጠይቅ በሳቅ መመለስን አልቀበልም። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንዳስብ መደረግን አልቀበልም። ወ/ሮ አያንቱ ሁለተኛ ልጅ አይወልዱም። ያንን የሚያህል ነገር "ተማሪዋ ረስታ ነው" ተብሎ እንዲዘጋ በስሜ አልፈቅድም።

የምስክሯ ስምና ፊርማ፦ ሩክያ አሚን ሰይድ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ምክትል ኢንስፔክተር ጉደታ ፊጤ (ተፈርሟል)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡40